እናቴ የማን ልጅ ነበረች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልክ ሲጮኽ ደስ አይለኝም። ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ የዕድር ስብሰባ ነው፣ ወይ የተሳሳተ ቁጥር ነው። ባለፈው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ሰሞን ግን የደወለችልኝ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ የምትቀበል ልጅ ነበረች። ወደ በዓሉ ቦታ ወደ ጉዱማሌ የሚሄደው ሕዝብ ዘፈን በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

«ጋሼ፣ አንዲት ፈረንጅ እርስዎን ትፈልጋለች። ከአየርላንድ ነኝ ትላለች።»

«እኔን? ምን አድርጌያት?»

«የባለቤትዎን አባት ስም ይዛ ነው የመጣችው። አቶ ዮሴፍ ፓትሪክ ይላል። ጋራዥ የነበረበት ሰፈር ሄዳ ጠይቃ የእርስዎን ቁጥር ሰጧት።»

ፓትሪክ የሚለውን ስም ከሰው አፍ ከሰማሁ ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ሚስቴን ወይንሸትን ስጠራት ድምፄ ተቀይሮ ኖሮ፣ «ማን ሞተ?» እያለች ከጓሮ እየሮጠች መጣች።

በማግስቱ አዋሳ ፒያሳ አንድ ካፌ ተገናኘን። ሴትዮዋ ብሪጅት ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከእኛ ብዙም አይርቅም። ፊቷ ላይ እንደ አማቴ እንደ ጋሽ ዮሴፍ ያለ ጠቃጠቆ አለ፤ ወይንሸት እሱን ስታይ ገና ሳትቀመጥ እንባዋ መጣ። ብሪጅት የቤተሰቧን የዘር ሐረግ ስታጠና ስድስት ዓመት ፈጅታለች፤ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ስታገላብጥ፣ የመርከብ ተሳፋሪዎችን ስም ዝርዝር ስትፈልግ፣ አሮጊት አክስቶቿን ስትጠይቅ። በመጨረሻ አንዲት አክስቷ ዘንድ ያገኘችው የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ የአያቷ ወንድም ከኢትዮጵያ ለእህቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ነበሩ።

«ደብዳቤዎቹ ሁለት ልጆች ያነሳሉ፤» አለችን። «የወንዱን ዱካ አገኘሁ። ሴቷ ሮማን ትባላለች። ታውቋታላችሁ?»

ወይንሸት እኔን አየች። እኔ ማኪያቶዬን አየሁ።

«እናቴ ናት፤» አልኩ። «ግን የፓትሪክ ልጅ አይደለችም።»

ይህን ስል አፌን መረረኝ። እናቴን ከዚያ ስም የለየኋት እኔ ነኛ።

እናቴ ታይፒስት ነበረች። አዋሳ ገና ትንሽ ከተማ በነበረችበት ጊዜ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የሰው ደብዳቤ ስትመታ ትውላለች። የሠራተኞች ስም ዝርዝር ሲዘጋጅ የራሷን ስም «ሮማን ፓትሪክ» ብላ ስትጽፍ ጣቷ ይጠነክራል፣ ወረቀቱን ልትበሳው ነው እያሉ ባልደረቦቿ ይቀልዱባት ነበር። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ ይጠይቃታል።

«ፓትሪክ ምንድን ነው?»

«አባቴ ነው። የአየርላንድ ሰው፤ መንገድ ሠሪ።»

እናቴ ጠይም ናት፤ ያውም ጠቆር ያለች ጠይም። ጠያቂው ፈገግታውን ለመዋጥ ከንፈሩን ሲነክስ እያየች፣ «ልጅ እናቱን ሲመስል አይተህ አታውቅም?» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አታፍርም ነበር።

ስለ አባቷ የምታስታውሰው ጥቂት ነው። ይርጋለም የነበረ ግቢ፤ ሰፊ ባርኔጣ፤ የፒፓ ሽታ። መንገድ የሚደመድመው ትልቁ ማሽን ላይ ጭኑ ላይ አስቀምጧት እያፏጨ ሲነዳ። አስኳላ ያስገባትና «ሮማን ፓትሪክ» ብሎ ያስመዘገባት እሱ ራሱ ነው። በዚያው ዓመት፣ እሷ ስድስት ዓመት ሲሆናት፣ ታሞ ወደ አገሩ ሄደ፤ አልተመለሰም። ፉጨቱ ግን እሷ ዘንድ ቀረ። ሽንኩርት ስትከትፍ ታፏጫለች፣ ልብስ ስታጥብ ታፏጫለች። ጎረቤት «ሴት ልጅ አታፏጭም» ሲላት፣ «የአባቴ አገር ዘፈን ነው፣ ምን አገባህ» ትላለች።

ወይንሸትን ያወቅኳት ኮሌጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ እየበላን፣ እሾሁን እየለቀምኩላት ስንዋደድ፣ ስሟን ወይንሸት ዮሴፍ ብዬ ነው የማውቀው። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቃል? በእኛ አገር ሦስተኛው ስም የሚወጣው ወይ ፖሊስ ሲጠይቅ ነው፣ ወይ ሽማግሌ ሲቆጥር። አባቷ በቅርቡ ከዲላ መጥተው ጋራዥ የከፈቱ ሰው ናቸው። ከተማው የሚያውቃቸው ዮሴፍ መካኒኩ ብሎ ነው። ጠጉራቸው ቀላ ያለ፣ ቁጡ፣ ፊታቸው በጠቃጠቆ የተሞላ።

አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ ሽማግሌዎቹን ይዞ የሄደው አጎቴ ጋሽ አሰፋ ነው። እኔና እናቴ ቤት ቁጭ ብለን ጠበቅን። ጥሩ ወሬ የያዘ ሽማግሌ በልቶ ጠጥቶ አምሽቶ ነው የሚመጣው። ጋሽ አሰፋ ግን ገና በጠራራ ፀሐይ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ።

«ምን አሉ?» አልኩ ሳይቀመጥ።

«ደስ ብሏቸው ነው የተቀበሉን። 'እንግዲህ ዘር እንቁጠር' ተባለ። በአባትህ ወገን ሰባት ቤት ቆጠርን፣ ምንም የለም። በእናትህ ወገን ስጀምር 'ሮማን ፓትሪክ' አልኩ። ሰውዬው ብርጭቆውን አስቀመጠ። 'የኔ አባት ስም ማን መሰለህ?' አለኝ።»

«ፓትሪክ የሚባል ሰው ብዙ ነው፤» አልኩ።

«ከአየርላንድ የመጣ፣ መንገድ የሚሠራ፣ ይርጋለምና ዲላ የኖረ ስንት ፓትሪክ አለ? የእህትና የወንድም ልጆች ናችሁ፣ ብርሃኑ። ይህ ጋብቻ አይሆንም።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ግን ይህን ነገር ፈርቼው እንኳ አላውቅም ነበር። ወደ እናቴ ዞርኩ። በሩ ላይ ቆማለች።

«ወንድም አለኝ?» አለች።

ፊቷ በርቶ ነበር። ወዲያው እኔን አየችና ደስታዋን እንደ ሰረቀችው ነገር ደበቀችው። ያንን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በማግስቱ ጋሽ ዮሴፍ አስጠሩኝ። ከአንድ አይሱዙ ሥር ተንጋለው ይሠራሉ፤ የማየው እግራቸውን ብቻ ነው።

«ሽማግሌዎቹ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥተዋል፤» አሉ ከሥር ሆነው። «እስከዚያ ልጄን እንዳታገኛት። ከይርጋለም ወዲያ የድሮ የክርስትና መዝገብ የሚያስቀምጥ የካቶሊክ ሚሲዮን አለ። ቅዳሜ እንሄዳለን፤ እኔና አንተ።»

«እናቴስ ትምጣ?»

እግራቸው መንቀሳቀስ አቆመ። «አትምጣ። አይቻት፣ እህቴ ናት ብዬ ከለመድኩ በኋላ አይደለችም ከተባልኩ... አትምጣ።»

በዚያ ቅዳሜ የበልግ ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ ያወርደው ነበር። የጋሽ ዮሴፍ ፒክአፕ ዝናብ መጥረጊያ አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው፤ እሱም በእሳቸው በኩል ነው፤ እኔ የማየው ውኃ ብቻ ነው። የሰው መኪና ሲጠግን የሚውል ሰው የራሱን አይጠግንም። አፖስቶ ደርሰን ስንታጠፍ ልጃገረዶች ቅቅል በቆሎ በኮባ ቅጠል ይዘው መስኮቱ ላይ ተረባረቡ። ገዝተው አንዱን ሰጡኝ። እኔ ከነቅጠሉ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ እሳቸውም ነክሰው ብቻ ያዙት። በመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰቱ በዝናብ ታጥቦ ያብረቀርቃል። በሌላ ቀን ቢሆን ደስ የሚል አገር ነው።

«ጋሽ ዮሴፍ፣» አልኩ እንደምንም ደፍሬ፣ «እርስዎ ምን ቢገኝ ይወዳሉ?»

የነከሱትን በቆሎ ከመስታወቱ ሥር አስቀመጡት። «እኔ ወንድምም እህትም የለኝም። የአባቴን ፎቶ እንኳ አላየሁም። አንተ የምትወደውን አውቃለሁ፤ የኔን አትጠይቀኝ።»

መዝገቡን የምትጠብቀው ወጣት ሲስተር ነበረች። አራት ትልልቅ መዝገብ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችልን፤ ወረቀቱ ብል የበላው፣ ጽሑፉ ላቲን። ከኋላ በኩል የስም ማውጫ አለ። ጋሽ ዮሴፍና እኔ «ፓ» የሚለውን ፊደል ይዘን ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ፈለግን። የለም። ጣቴ አቧራ ሆነ። ሲስተር መጥታ ስታየን ሳቋ መጣ።

«በስሙ ነው የምትፈልጉት?»

«በምን እንፈልገው ታዲያ? ሰው በስሙ አይደል እንዴ የሚጠራው?» አሉ ጋሽ ዮሴፍ ቆጣ ብለው።

«ፈረንጅ የሚመዘገበው በቤተሰቡ ስም ነው። ፓትሪክማ እነሱ አገር እንደኛ ገብሬ ነው፣ ሞልቷል። የቤተሰቡ ስም ማን ይባላል?»

 አንዱ ልጁ ነው፣ አንዱ የልጅ ልጁ ነኝ ባይ ነው፤ የሰውዬውን ስም ግማሽ የሚያውቅ ጠፋ። ለእኛ ሰው ስሙ የራሱ ነው፤ ከኋላው ያለው የአባቱ ነው። ሌላ ስም ይኖረዋል ብሎ ማን ያስባል? መዝገቡ እዚያው ጠረጴዛው ላይ እያለ ባዶ እጃችንን ልንመለስ ነው።

ጋሽ ዮሴፍ ድንገት ተነስተው ወደ ዝናቡ ወጡ። ሲመለሱ ከአባታቸው የወረሱትን ትልቁን መፍቻ ይዘዋል፤ በየቀኑ የሚሠሩበትን። በእጅጌያቸው ግራሶውን ጠረጉት። እጀታው ላይ የፈረንጅ ፊደል ተቀርጿል።

«ይህንን ዕድሜ ልኬን የፋብሪካው ስም ነው የሚመስለኝ፤» አሉ ቀስ ብለው።

ሲስተር አነበበችው። «ኬለኸር፤» አለች።

ማውጫው ላይ ኬለኸር ሁለት ቦታ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ሲገለጥ ላቲን ባላውቅም «ሮማን» የሚለውን አወቅኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ዮሴፍ»። በሁለቱም ገጽ ላይ ያ የመፍቻው ስም አለ። አንድ ሰው ነው። ወንበሩን ያዝኩ። ጋሽ ዮሴፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ማዘናቸው ይሁን መደሰታቸው አላወቅኩም።

«ቆዩ እስቲ፤» አለች ሲስተር። ጣቷን በመስመሩ ላይ እየሳበች አነበበች። «ይህ የልጅቷ ነው። እናት፣ የሺ። አባት... ደበበ። ሟች ይላል። ኬለኸር የተጻፈው አባት በሚለው ቦታ አይደለም። አሳዳጊ በሚለው ነው።» ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። «ይህ የወንዱ ልጅ ነው፤ እናቱ ሌላ ናት፣ የዲላ ሴት። እዚህ አባት የሚለው ላይ ነው የተጻፈው።»

ልጮኽ ምንም አልቀረኝ። ወይንሸት የኔ ናት! የሺ የምትባለው እኔ ሳልወለድ የሞተችው አያቴ ናት፤ ደበበ የሚባል ሰው ግን በቤታችን ተጠርቶ አያውቅም። ደስታዬን ገና ሳልጨርስ ጋሽ ዮሴፍን አየሁ። ጥቁር ጣታቸውን የእናቴ ስም ላይ አኑረዋል።

«ደግመሽ አንብቢው፤» አሏት። ሦስት ጊዜ አስነበቧት። አልተለወጠም።

የግቢው ዘበኛ አባባ ዳንጊሶ በወጣትነታቸው መንገድ ሥራ ነበሩ ስትለን፣ ከበሩ አጠገብ ካለችው ጎጆ ገባን። በዕድሜ የጎበጡ የሲዳማ ሽማግሌ ናቸው። ደበበ የሚለውን ስም ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ደበበ? ድማሚት ነው የገደለው። ድንጋይ ስናፈነዳ። ሚስቱ አራስ ነበረች። ፓትሪክ 'ለኩስ ያልኩት እኔ ነኝ' አለ፤ ሦስት ቀን እህል አልበላ። ከዚያ ሄደ፣ ሕፃኗን አነሳ። አገሩ እስኪሄድ አላወረዳትም።»

ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። አፖስቶ ጋ መኪናውን ዳር አቆሙ። እኔ እስከዚያ ድረስ በልቤ የማብሰለስለውን አወጣሁት።

«ሁለት ፓትሪክ ነበሩ ብንልስ? መዝገቡን ማንም ሄዶ አያይም። እኔና ወይንሸት እንጋባለን፤ እናቴም አባቷ አይወሰድባትም።»

«ሽማግሌ ማሉ ሲለን ትምላለህ?»

«እምላለሁ።»

መፍቻውን ከመቀመጫው ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «እኔ አባቴን ዛሬ ነው ያገኘሁት፤» አሉ። «ለሁለት ከፍዬው አልምልም። ለእናትህ አንተ ትነግራታለህ።»

ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። መዝገቡን፣ ድማሚቱን፣ አባባ ዳንጊሶ ያሉትን፣ ሁሉንም። ቢላዋውን አላስቀመጠችም፤ ግን መክተፏን አቆመች።

«ደበበ የማን ልጅ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«አላውቅም፣ እማዬ። አልተጻፈም።»

«ካልሽ ሠርጉ ይቅር» አልኳት፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከልቤ አልነበረም፣ ለማለት ያህል ነው። እሷም አውቃለች። «ሂድ ወዲያ! የማይሆን ነገር አትናገር» አለችና ሽንኩርቱን ጨረሰች። በዚያ ሳምንት ቤታችን ጸጥ አለ። ፉጨቷ መቅረቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ነጠላዋን ለብሳ ተከተለቻቸው። ጋሽ አሰፋ ደነገጠ። የወንድ እናት ሽማግሌ ተከትላ ሄዳ አታውቅም።

«ሮማን፣ ምን ነካሽ? እኛ እንናገርልሻለን።»

«ስሙ የኔ ነው፤ እኔው ልናገረው።»

እኔ በእነ ወይንሸት አጥር ሾልኬ፣ እንደ ሌባ መስኮቱ ጋ ተለጥፌ ሰማሁ።

«እኔ ሮማን ደበበ ነኝ፤» አለች እናቴ። ድምፅዋ ደብዳቤ እንደምታነብ ሰው ነበር። «የአቶ ዮሴፍ አባት አሳደገኝ እንጂ አልወለደኝም። ልጆቹን ተዉአቸው፤ ይጋቡ።»

 አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ያሳደገስ አባት አይደለም ወይ? ይህስ ዝምድና አይቆጠርም?»

 ጥፍሬ ግድግዳው ጭቃ ውስጥ ገባ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ትልቁ ሽማግሌ ፈረዱ፤ «የምንቆጥረው ደም ነው። ሰውዬው ለእሷ ምንም አይደለም። ጋብቻው ይሁን።»

ያ ፍርድ እኔን ዳረኝ። ያንኑ ፍርድ እናቴ እዚያው ቁጭ ብላ ሰማችው፤ ምንም አይደለም ሲባል። ከዚያ የወንበር ድምፅ ሰማሁ፤ ጋሽ ዮሴፍ ተነስተው ጉልበቷን እንደሳሙ በኋላ ጋሽ አሰፋ ነገረኝ።

የጥሪ ወረቀቱን በማባዣ ስቴንስል ላይ የመታችው ራሷ ናት። «ወ/ሮ ሮማን ደበበ» ይላል። የሌላው ሰው ስም ሁሉ ጎልቶ ወጥቷል፤ ደበበ የሚለው ብቻ ደብዝዟል። እንግዶች የማተሚያው ቀለም አልቆ ነው ብለው ነበር።

ጋሽ ዮሴፍ እስኪሞቱ ድረስ እሑድ እሑድ ሙዝ ይዘው ይመጡ ነበር። «እህቴ አለች?» ይላሉ ከበር ላይ። ጋሽ አሰፋ ካለ፣ «እባክህ እህቴ አትበል፣ የልጆቹን ጋብቻ ታፈርሳለህ» ይላቸዋል። እናቴ ትስቃለች። ወደ ቀድሞ ስሟ ግን አልተመለሰችም፤ ስትሞትም መቃብሯ ላይ ያስቀረጽኩት ሮማን ደበበ ብዬ ነው። መዝገቡ የሚለውን ጻፍኩ፤ ትክክል የሠራሁ መስሎኝ።

ይህን ሁሉ ካፌው ውስጥ ለብሪጅት ነገርኳት። ፉጨቱንም አፏጨሁላት፤ ሰምታው አታውቅም፤ ምናልባት ሰውዬው የራሱን ነገር ፈጥሮ ይሆናል። ከዚያ ከቆርቆሮው አንድ ደብዳቤ አውጥታ ሰጠችኝ። ለወይንሸት እየተረጎምኩ አነበብኩት።

«የሮማን የፊት ጥርሷ ወለቀ፤ ዲላ ላለው ሕፃን ስጥልኝ ትላለች፤ ወንድሟ መሆኑን ገና አልነገርኳትም። ዮሴፍ ማኘክ እንኳ አልቻለም። ያንተ አይደለችም ይሉኛል። እኔ ግን ሌሊት የምነቃው እሷ ስታስል ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ ብለሽ ለእናታችን ንገሪያት።»

ወይንሸት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ፣ እሷ እንዲህ ናት፣ «ሁለት ልጆች ካለማ እንግዲህ መፋታታችን ነው!» አለች። ሳቅን፤ ስንስቅ አለቀስን። ብሪጅት ነገሩ ሳይገባት አብራን አለቀሰች።

እኔ ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ተናደድኩ፤ በራሴ። ያ ደብዳቤ ያን ጊዜ በእጃችን ቢኖር ኖሮ ሽማግሌዎቹ ምን ይፈርዱ ነበር? ምናልባት ዛሬ ሚስቴ ሌላ ሴት ትሆን ነበር። ስለዚህ በጊዜ አለመድረሱን አመስግናለሁ፤ ስለማመስገኔም አፍራለሁ። እናቴ የኔን ትዳር የገዛችው ባላት ብቸኛ ነገር ነው። እኔ ደግሞ ከሞተች በኋላ እንኳ ልመልስላት አላሰብኩም።

ትናንት ስለ እናቴ መቃብር ድንጋይ ቀራጩ ዘንድ ሄድኩ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ መንገድ ዳር የሚሠራ ወጣት ነው። ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት፤ ሮማን ደበበ ፓትሪክ። አየውና እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ።

«ጋሼ፣ ፓትሪክ የደበበ አባት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ እዚህ ቦታ እንዴት ይገባል? ሰው ሲያነበው አያት ነው የሚለው። ይሳሳታል እኮ።»

«አንተ ቅረጸው፤» አልኩት። «የሚቆጥር ሽማግሌ ከመጣ ወደ እኔ ላከው።»